ሚስማሯ የማን ናት?

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 ውስጥ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት መዶሻ የሚያነሳ ሰው ወይ አዲስ ገቢ ነው፣ ወይ ጠላት ፈላጊ ነው። ሰባት ሰዓት ግድም ጫቱ ከኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ከተማው በጎኑ ይጋደማል። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላም ቢሆን ሙቀቱ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ፣ በዚያ ላይ ካምሲን የሚሉት አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲነሳ፣ ሚስማሩ በላብ ከጣት ያመልጣል። ስለዚህ ሥዕል የሚሰቀለው አመሻሽ ላይ ነው። አመሻሽ ማለት ደግሞ ጎረቤት በሙሉ ነቅቶ፣ ደጅ ወጥቶ፣ በሰው ግድግዳ ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ሰዓት ነው። "ትንሽ ወደ ላይ!" የሚለው ትእዛዝ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ይመጣል። ሊሴ የሚማረው ልጅ ደግሞ በፈረንሳይኛ "አ ጎሽ!" ይላል፤ ሥዕሉ ወደ ግራ ይሄዳል።

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ የጅቡቲ የድሮ ሰፈሮች የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ ከካርቲየ 1 ተነስቶ ካርቲየ 7 ይደርሳል። ፈረንሳዮቹ ለራሳቸው የሠሩት የከተማው ክፍል በኮራል ድንጋይ፣ በኖራና በቅስት በረንዳ የቆመ ነው። ካርቲየዎቹ ግን በጣውላና በቆርቆሮ ተጀመሩ። አሁን ብሎኬት እየተካቸው ነው፤ ሥራው የሚሄደው ግን ፍራንክ እንደተገኘ ስለሆነ፣ አንድ ቤት ፊቱ ብሎኬት፣ ጎኑ ጣውላ፣ ጓሮው ቆርቆሮ ሆኖ ለዓመታት ይቆያል። አዲስ አበባ ካፌዎች ውስጥ ያልተለሰነ የሸክላ ግድግዳ ፋሽን ነው ተብሎ ሰው ሆን ብሎ ልስኑን ያስፍቃል። እዚህ ያልተለሰነው የልስኑ ገንዘብ ስላለቀ ነው። ፎቶ ቢነሱ ልዩነቱ አይታወቅም።

ከጣውላው ልጀምር። ሰፈራችን ውስጥ ቡና አፍልተው የሚሸጡ አንዲት የድሬ ሴት አሉ፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። እትዬን ከጎረቤታቸው ከሶማሌው ሽማግሌ የሚለያቸው አንድ ጣውላ ነው። የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ሊሰቅሉ ረጅም ሚስማር መረጡ፤ ፎቶው ከባድ ነው፣ ልጅቷም ብዙ ደክማበታለች። ሚስማሩ አሥር ሴንቲ ይሆናል፤ ጣውላው ግን ሁለት ሴንቲ ቢሆን ነው። የቀረው ሽማግሌው ቤት ገባ። ሽማግሌው ምንም አላሉም። በነጋታው ኮፍያቸውን ሰቀሉበት።

እንዲህ ሆኖ ቆየ። እትዬ ብሎኬት ክፍል አሠርተው ፎቶውን ሊያዛውሩ ሲነሱ፣ ሚስማሩን በጉጠት ይዘው ገና አንዴ ነቅነቅ ከማድረጋቸው ከወዲያ በኩል ድምፅ መጣ።

"አባዮ፣ እህቴ! ሚስማሬን ምን አድርጊ ነው የምትዪያት?"

"ሚስማርዎን? እኔ እኮ ነኝ የመታኋት!"

"መምታቱንስ መታሽ። የኖርኩባት ግን እኔ ነኝ።"

ክርክሩ ሁለተኛው ቡና ላይ አለቀ። የሚስማሯ ራስ የእትዬ፣ ጫፏ የሽማግሌው እንዲሆን ተስማሙ። ዛሬ በወዲህ በኩል የቡና መቁያው፣ በወዲያ በኩል ኮፍያው ተሰቅሎ ይኖራል። በዚህ በአፍሪካ ቀንድ የድንበር ጉዳይ በሁለት ስኒ ሲያልቅ እኔ ሌላ አላየሁም።

ቆርቆሮው የባሰ ነው። ሚስማር አይዝም፤ ቀዳዳው በየቀኑ እየሰፋ ይሄድና አንድ ሌሊት ፎቶው ከነፍሬሙ ይወርዳል። ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል ወረቀቱ ጫፍ ጫፉ ይጠቀለላል። ለዚህ መላ ያገኙት ልጆች ናቸው፤ የፍሪጅ ማግኔት። ቆርቆሮ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የቤተሰቡ ፎቶ በሙዝና በአናናስ ቅርፅ ማግኔቶች ተይዞ ግድግዳው ላይ ሲደረደር፣ አያት የሙዝ ቆብ ያደረጉ ይመስላል እንጂ ነፋስም አይነካቸው። አከራይም አይናገርም። አከራዮች "ሚስማር ክልክል ነው" ብለው ያስገቡና ስንወጣ ቀዳዳ እየቆጠሩ ያስከፍላሉ፤ ስንገባ የነበረውን ቀዳዳ ግን ቆጥሮ የሚያስረክብ አከራይ እስካሁን አልተወለደም።

ብሎኬቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ሌላ መሰናክል አለ። ካርቲየ 4 ያለ ኢትዮጵያዊ በሙሉ፣ ብትጠይቁት፣ አላፊ ነው። አንዱ ወረቀቱ እስኪያልቅ ነው። አንዱ ጥቂት ጥሪት ይዞ ወደ አገሩ እስኪገባ ነው። ሌላው ካናዳ ያለችው እህቱ እስክትጠራው ነው። "ነገ ለሚሄድ ሰው ሚስማር ምን ይሠራለታል?" ይልና ፎቶውን ሻንጣው ላይ አቁሞ ግድግዳውን ያስደግፈዋል። ሻንጣው አቧራ ይለብሳል። ፎቶው ውስጥ በጥምቀት ነጠላ የታቀፈው ሕፃን አድጎ በፈረንሳይኛ ይቆጣል። አባቱ አሁንም ነገ ይሄዳል።

ነገሩ የቆየ ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተነስቶ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ፣ ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ባሕሩ የወረደው ሰውም ለጊዜው ብሎ ነው የወረደው። ያ ባቡር አርጅቶ ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው በ2016 ተመረቀ። "ለጊዜው" የምትለዋ ነገር ግን መለዋወጫ ሳያስፈልጋት እስከ ዛሬ ትሠራለች። እኔ ሰው የሚለውን ትቼ ግድግዳውን ማየት ጀምሬያለሁ። ፍሬም የሰቀለ ሰው ቢያንስ እስከ መጪው ገና አለ፤ ዕቁብም ብታስገቡት አይጠፋም።

ደግሞ በደንብ ካየነው ግድግዳና ሚስማር አገራችንም ሳሉ አልተስማሙም። ጭቃ ቤት ውስጥ ሚስማር የሚጸናው ማገር ካገኘ ነው፤ ካላገኘ ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። የድሮ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ግድግዳው እርጥብ እያለ የከብት ቀንድ ይቀብሩበታል፤ ሲደርቅ ኩላብ ይሆናል፤ ኮርቻ ቢሰቀልበት፣ ጋሻ ቢሰቀልበት አይነቃነቅም። በኋላ ፎቶ የሚባል ነገር ሲመጣ ቀንዱ ላይ አልተሰቀለም፤ ወደ ጣሪያው ሥር ወጣ። የኛ ሰው ቤት ፎቶ የሚኖረው ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ሳሎኑን እየተቆጣጠረ ነው። ሙዚየሞች የሥዕሉን መካከል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ግድም ያደርጉታል፤ የቆመ ሰው ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። የኛ አያት ፎቶ ግን እንዲያየን ነው የተሰቀለው፤ ማየቱ የእሳቸው ሥራ ነው።

ይህ ባህል ካርቲየ 4 ሲደርስ ከቬንቲላተር ጋር ተጋጨ። ጣሪያው ሥር ያለው ሁሉ በነፋሱ መንገድ ላይ ነው። አንድ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ፎቶ ሌሊቱን ሙሉ እየተወዛወዘ ያድራል፤ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳውን በጥፊ ሲመታ ያነጋል። መብራት ሲጠፋ ፀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሙቀቱ እንቅልፍ የለም። ለዚህ ነው ፍሬም ሁሉ በሁለት መስቀያ ይሰቀል የምለው፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ።

በዚህ ጉዳይ የሐረር ሰዎችን ማድነቅ ግድ ነው። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ገና ሲሠራ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ይተዉለታል። የቀረው ፊት ደግሞ በስፌትና በሳህን ይሞላል፤ እንግዳ ከፍ ባለው መደብ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን እያየ የባለቤቲቱን ሙያ ይለካል። ካርቲየ 4 ውስጥ ባለቀለም ስፌት በረድፍ የተሰቀለበት ክፍል ካያችሁ፣ ባለቤቷ የሐረር ሰው ናት ወይም ከሐረር ሰው ጋር የምትፎካከር ናት። አዲስ አበባን ግን እዚህ ላይ አላነሳም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአግሮስቶን የተከፋፈለ ክፍል ላይ የተመታ ሚስማር እንዴት በራሱ ጊዜ እንደሚወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ብሎኬቱ። ብሎኬት ላዩ ድንጋይ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ሚስማር ሲመቱበት ይታጠፋል። የኮንክሪት ሚስማር ሲመቱበት እሳት ይተፋል፤ አንዳንዴም ዘልሎ ዓይን ፍለጋ ይሄዳል፤ ከገባም የብሎኬቱን ፊት ገምሶ ነው። ስለዚህ ድሪል ያስፈልጋል። ድሪል ያለው ሰው ደግሞ በካርቲየ 4 ከሽማግሌ እኩል ይከበራል፤ እሱ ሳይመጣ ሠርግ ያልፋል፣ ሥዕል ግን አይሰቀልም።

ባለ ድሪሉ እትዬ ቤት የመጣው ዓርብ አመሻሽ ነው። መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ጆሮውን አስጠጋ።

"ምን እየሰማህ ነው ልጄ?" አሉ እትዬ።

"ባዶውን እየፈለግኩ ነው።"

"ባዶው ላይ ልትበሳው?"

"ልሸሸው እንጂ እትዬ። ባዶው ላይ ከበሳሁት ፊሸሯ የምትነክሰው ታጣለች።"

ልክ ነው። ብሎኬቱ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች በመካከላቸው ቀጭን ግድግዳ አላቸው፤ መበሳት ያለበት እዚያ ላይ ነው፣ ወይም ብሎኬትና ብሎኬት የተገናኙበት ሲሚንቶ ላይ። የሸክላ ግድግዳ ያለውም ሰው ይኸው ክርክር ይገጥመዋል። ሸክላው ራሱ ላይ ቢበሱ የበለጠ ይጸናል፤ ማያያዣው ሲሚንቶ ላይ ቢበሱ ግን በኋላ ቀዳዳውን መድፈን ይቀላል። ባለቤት ሸክላውን ይበሳል፤ ተከራይ ሲሚንቶውን ይመርጣል። ማንም ይሁን ማን ግን ከመብራት ማብሪያው ትክክል ወደ ላይም ሆነ ወደ ጎን አይብሳ፤ ሽቦው በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው፣ 220 ቮልት ደግሞ ሥዕል አያደንቅም።

ፊሸር የምንላት ትንሽ ግራጫ ፕላስቲክ አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ሥራ ናት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1958 አወጣት፤ በዕድሜው ከ1,100 በላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ በ2016 አረፈ። ይህን ሁሉ ፈጥሮ ስሙ ካርቲየ 4 የደረሰው በዚህች ብቻ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች፤ ብሎኑ ሲጠብቅባት ጎኗ ይሰፋና ግድግዳውን ከውስጥ ትይዘዋለች። ቁም ነገሩ ልኳን መጠበቅ ነው፤ ለባለ 6 ፊሸር ባለ 6 የድሪል ፑንታ። "ትንሽ ሰፋ ቢል ምናለ" ያለ ሰው ፊሸሯ ከብሎኑ ጋር አብራ ስትዞር ያመሻል።

ባለ ድሪሉ ፑንታው ላይ የፊሸሯን ርዝመት ለክቶ ፕላስተር ጠመጠመ፤ ከዚያ ወዲያ አይገባም። ከሚበሳው ቦታ በታች ፖስታ ከፍቶ ለጠፈ፤ አመዱ እዚያ ይወርዳል፤ እትዬ ወለሉን የወለወሉት ገና አሁን ነው። መጀመሪያ ያለ ምት ቀስ ብሎ ጀመረ፣ የብሎኬቱ ፊት እንዳይገመስ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ መነጋገር ቀረ። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ ቀዳዳውን እፍ አለበት፤ አቧራው ተመልሶ ፊቱን ዱቄት አለበሰው። የመጀመሪያዋ ፊሸር ጥርቅም ብላ ገባች። ሁለተኛዋ ሳይታሰብ ባዶ አግኝታ ውስጥ ኮሽ ብላ ወደቀች።

"ሄደች?" አሉ እትዬ።

"ከእንግዲህ የቤቱ ናት" አለና ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ሌላ በሳ።

የሚሰቀሉት ሁለት ነበሩ፤ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕልና የምርቃቱ ፎቶ። ባለ ድሪሉ በአንድ መስመር ሊያደርጋቸው አስቦ በስልኩ ውሃ ልክ ለካ። እትዬ አስቆሙት። "ልጄ ተመረቀች እንጂ አልተቀደሰችም። ዝቅ አድርጋት።" ልጅቷ በአንድ ስንዝር ዝቅ አለች። ከዚያ ስልኩ ልክ ነው አለ፤ በር ላይ የቆመው ጎረቤት በሙሉ ጠሟል አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የጠመመው ግድግዳው ነበር፤ ብሎኬቱን የደረደረው ሰው ቱንቢ ሳይዝ ነው የሠራው። ጠማማ መስመር አጠገብ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ሥዕል ጠማማ ይመስላል። ባለ ድሪሉ ትንሽ አሰበና ሥዕሉን ከግድግዳው ጋር አስማማው። ሁሉም ደስ አለው፤ ስልኩ ብቻ ቅር አለው።

ከሰቀሉ በኋላ ያለውን ጣጣ የሚያመጣው ባሕሩ ነው። ከጥቅምት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል እርጥበቱ ይጨምራል፤ አየሩ ጨው አለበት። ተራ ሚስማር ብዙ ሳይቆይ ይዝግና ቡናማ መስመር ግድግዳው ላይ ይለቃል። የማይዝግ ብሎን ውድ ነው፤ ግን አንዴ ነው የሚገዛው። ፎቶውም ከፍሬሙ መስታወት ጋር ይጣበቃል፤ በኋላ ሊያወጡት ሲሞክሩ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀርና ወረቀቱ ብቻ ይወጣል። እኔ ይህን አይቼ ያዘንኩለት የሠርግ ፎቶ አለ፤ ሙሽራው ወጣ፣ ሙሽራይቱ መስታወቱ ላይ ቀረች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል፣ ዙሪያውን፣ ቀጭን ካርቶን ማስገባት።

ተለጣፊ መስቀያ የሚባለውን ወጣቶቹ ይወዱታል፤ ድሪልም አይፈልግ፣ አከራይም አያስቆጣ። ለመስታወትና ለሴራሚክ ደግ ነው። ያልተለሰነ ብሎኬት ላይ ግን የሚለጠፈው አቧራው ላይ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ ለምን ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ አልገባኝም። ማጣበቅን ግን አልንቅም። አባቶቻችን ያለ አንዲት ሚስማር ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሥዕል ሰቅለዋል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥሉና ጨርቁን ግድግዳው ላይ ያጣብቁት ነበር፤ ስንት መቶ ዓመት ይዟል።

የዚህ ዘዴ ጉድለት የታየው ፈረንጅ ሲመጣ ነው። ከዳካር ተነስቶ የዚህችኑ ከተማ ስም በመድረሻነት የያዘው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ፣ በማርሴል ግሪዮል መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ሲያቋርጥ ጎንደር ላይ አረፈ። እዚያ በ1932 የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከነጨርቃቸው ልጠው፣ በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ ሰጡ። ዋናዎቹ ፓሪስ ገቡ፤ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሥዕሉ በባለ 8 ፊሸር ቢያዝ ኖሮ ይቀር ነበር አልልም። ቢያንስ ግን ወሳጁ ላብ ያልበው ነበር።

ስለሚሰቀለው ነገር ራሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። አንድ ክፍል ውስጥ ፋሲል ግንብ፣ ላሊበላ፣ ካዕባ፣ የአርሰናል ቡድንና የሟች እናት ፎቶ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ማንም ለምን አይልም። ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ፎቶ ማየት የፈለገ ቢሮ ይግባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አገሪቱን የሚመሩት የፕሬዚዳንት እስማኤል ዑመር ጌሌ ፎቶ እዚያ አለ፣ ጠሞ አይታይም። እትዬ ጉዳይ ኖሯቸው ቢሮ በሄዱ ቁጥር ለዚያ ፎቶ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ፕሬዚዳንቱ የተወለዱት ድሬዳዋ ነውና እንደ አገር ልጅ ነው የሚያዩአቸው።

እንግዲህ ከድሬም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደዚህ የምትመጡ ወገኖች ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ፊሸርና ብሎን እዚህም ይሸጣል፤ ዋጋው ግን በፍራንክ ነው፣ ፍራንኩ ደግሞ በዶላር የታሰረ ነው። ስለዚህ በርበሬው መካከል አንድ ፓኮ ባለ 6ና ባለ 8 ፊሸር፣ የማይዝግ ብሎንና ጫፉ ያልደነዘ ፑንታ ወሽቁልን። መዶሻ አታምጡ፤ መዶሻ ሞልቷል።